በወንድሙ ስም ሃያ አንድ ዓመት

የወታደር ኤሞስ ቦልድሪ የአገልግሎት መዝገብ አራት ገጽ ነው። ከአራቱ ሦስቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የክፍለ ጦሩ ጸሐፊ ሆኜ አሥራ ስምንት ዓመት ስሠራ የስንት ሰው መዝገብ በእጄ እንዳለፈ አላውቅም፤ የአብዛኛው ሰው ታሪክ ገባ፣ ሰከረ፣ ታመመ፣ ሞተ ወይም ተሰናበተ ከሚለው አያልፍም። የቦልድሪም ላዩን ሲያዩት ከዚያ የተለየ አይደለም። ቁመቱ፣ የዓይኑ ቀለም፣ በግራ ቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳ፣ ከጦር በፊት የነበረው ሥራ፣ ሁሉም በትክክል ሰፍሯል። የተሳሳተው ስሙ ብቻ ነው።

ሰውየው ኤፍሬም ነበር። ኤሞስ ታላቅ ወንድሙ ነው።

ነገሩ የሆነው በ1843 መስከረም ላይ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች እንግሊዝ አገር፣ ሰፎክ ውስጥ፣ ከባሕሩ ዳር ባለው ረግረግ፣ ከእናታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። አባታቸው ሞቷል። ሥራቸው ለቤት ክዳን የሚሆን ሸምበቆ ማጨድ ነው። ኤሞስ ሊያገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበርና ለሠርጉ ጫማ ሊገዛ ኢፕስዊች ከተማ ወረደ። ጫማ ቤት ከመድረሱ በፊት መጠጥ ቤት ገባ፤ መጠጥ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ባርኔጣው ላይ ባለቀለም ጥብጣብ ያንጠለጠለ መልማይ ሃምሳ አለቃ ተቀምጧል። ኤሞስ በማግስቱ ራሱን እየመታው ሲነቃ ኪሱ ውስጥ የንግሥቲቱን ሽልንግ አገኘ። ያንን ሽልንግ የተቀበለ ሰው ወታደር ለመሆን ተስማማ ማለት ነው፤ ዳኛ ፊት መቅረብና መማል ብቻ ነው የሚቀረው።

ወሬው እናቱ ዘንድ ሲደርስ ታናሽየውን ጠርታ፣ «ሂድና ወንድምህን ይዘህልኝ ና» አለችው። ኤፍሬም አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሄደ። መልማዩን ቁርስ ሲበላ አገኘው።

«ወንድሜን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለው።

«ወንድምህን ከወሰድክ አንድ ሰው ይጎድልብኛል» አለ መልማዩ እንቁላል እየላጠ። «አንድ ሰው አምጣ ተብዬ ነው የተላክሁት። የትኛውን እንደሆነ ግን ማንም አልነገረኝም።»

ኤፍሬም ጥቂት አሰበ። «እኔ ብሆንስ?»

«ጥርስህን አሳየኝ።»

አሳየው።

«ከወንድምህ ትሻላለህ» አለና እንቁላሉን ዋጠ።

ችግሩ የኤሞስ ስም ቀድሞ ወረቀቱ ላይ መጻፉ ነው። መልማዩ ሌላ ቅጽ አልያዘም፤ ቢይዝም መጻፍ ብዙ የሚወድ ሰው አልነበረም። «ለአንድ ሰዓት ኤሞስ ሁን፤ በኋላ ያስተካክሉታል» አለው። ኤፍሬም አመነው። ዳኛው «ኤሞስ ቦልድሪ አንተ ነህ?» ብሎ ሲጠይቀው ወደ መልማዩ ዞረ። መልማዩ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል። «ነኝ» አለ። ከዚያ ቁመቱ ተለካ፣ ጠባሳው ታየ፣ የዓይኑ ቀለም ተጻፈ። ከስሙ በታች ያለው ሁሉ እውነት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ኤሞስ በዚያው ቀን ጫማውን ገዝቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ በተቆረጠው ቀንም አገባ።

በመጀመሪያው ዓመት መዝገብ ላይ ሦስት ቅጣት አለ። ሦስቱም «ስሙ ሲጠራ አልመለሰም» የሚል ነው። ሐኪም ጆሮውን መረመረና «ጆሮው ደህና ነው፤ ሰውየው ግትር ነው» ብሎ ፈረመ። ኤፍሬም ግትር አልነበረም። ኤሞስ ተብሎ ሲጠራ ወንድሙ የመጣ እየመሰለው ዞሮ ይፈልገው ነበር። ዓመት ሲሞላው መዞሩን ተወ። ስለ ስሙም አንድ ጊዜ አስር አለቃውን ጠይቆ ነበር፤ አስር አለቃው «አንተ መጀመሪያ ጠመንጃህን አጽዳ» አለው። ጠመንጃውን አጸዳ። ዳግመኛ አልጠየቀም።

እኔ ወደ ክፍለ ጦሩ የገባሁት በ1849 ነው። ያኔ ኤሞስ ቦልድሪ የሚባል ዝምተኛ ሰው ወጥ ቤት ይሠራ ነበር። ሸምበቆ ማጨድ ለጦር የማይጠቅም ሙያ ስለሆነ ነው ወጥ ቤት የመደቡት። ሾርባው መጥፎ አልነበረም። ያኔ ስለ እሱ የማውቀው ይህንኑ ነበር።

በ1854 ሩሲያን ልንወጋ ወደ ክራይሚያ ዘመትን። መንገድ ላይ ቫርና ሰፍረን ሳለ፣ አንድ ጥይት ሳይተኮስ፣ ኮሌራ ገባብን። ከሞቱት አንዱ ዲላኒ የሚባል ወታደር ነው። ሚስቱ ታምሲን ከጦሩ ጋር ከሚጓዙት ልብስ አጣቢዎች አንዷ ነበረች፤ የዓሣ አጥማጅ ልጅ፣ ክንዷ የጠነከረ፣ ምላሷም እንደዚያው። የዲላኒን መቃብር እንዲቆፍር የታዘዘው ቦልድሪ ነው። ቆፍሮ ሲወጣ አፋፉ ላይ ቆማ አገኛት።

«ይጠልቃል?» አለችው።

«ከሌሎቹ በአንድ ክንድ።»

«ለምን?»

«ረግረግ አገር ነው ያደግሁት። ውሃ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።»

የፍቅር ንግግር አይመስልም። ታምሲን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሱን ሸሚዝ ከሌሎቹ ለይታ ማጠብ ጀመረች።

ሴባስቶፖል ፊት ለፊት ምሽግ ውስጥ አንድ ክረምት አሳለፍን። መዝገቡ «ትከሻው ላይ በጥይት ቆሰለ» ይላል፤ ቀጥሎ ደግሞ «ከቀኝ እግሩ ሁለት ጣት በብርድ አጣ» ይላል። ስለ ክረምቱ ሌላ ቃል የለም። እኔ ራሴ ስለጻፍኩት አውቃለሁ፤ ቀለሙ በረዶ ሆኖ በትንፋሼ እያሟሟሁ ነበር የምጽፈው፣ ስለዚህ አሳጥሬ መጻፍ ለምጄ ነበር።

በ1856 ተመልሰን ኮልቸስተር ሰፈርን። ሜዳሊያ ታደለ። በሜዳሊያው ጠርዝ ላይ የእያንዳንዱ ሰው ስም ተቀርጿል። ቦልድሪ የሱን ወስዶ፣ ታምሲን ወደምታጥብበት ግቢ ሄዶ ሰጣት። ቀጥሎ የሆነውን ከብዙ ዓመት በኋላ እሷ ነች የነገረችኝ።

እጇን በሽርጧ ጠርጋ ጠርዙን እየዞረች አነበበች። «ኤሞስ ቦልድሪ። በደንብ ቀርጸውታል።»

«እኔ አይደለሁም» አላት።

«ምንህ አይደለም?»

«ኤሞስ ወንድሜ ነው። እኔ ኤፍሬም ነኝ።»

ታምሲን የጀመረችውን ሸሚዝ ጨምቃ ጨረሰች። «ለስንት ሰው ተናግረሃል?»

«ላንቺ።»

«በአሥራ ሦስት ዓመት?»

«የጠየቀኝ የለም።»

«ዛሬ ምን ቢታይህ ነው የነገርከኝ? ልታገባኝ አስበህ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ስማኝ። ዲላኒ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከስሙ በቀር የነገረኝ ሁሉ ውሸት ነበር። አሁን ደግሞ ከስሙ በቀር ሁሉ ነገሩ እውነት የሆነ ሰው ልታመጣብኝ ነው? ቄስ ፊት ቆሜ፣ አይቼው ለማላውቅ ሸምበቆ አጫጅ አልምልም። አስተካክለህ ና።»

እንዲህ ሆነና ወደ ቢሮዬ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«ሃምሳ አለቃ፣ መዝገብ ላይ ስም ሲሳሳት እንዴት ነው የሚስተካከለው?»

«ለኮሎኔሉ ማመልከት ነው» አልኩት። «የማን ስም ነው?»

ነገረኝ። ከሱ ረጅም ንግግር የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ሲጨርስ ብዕሬን አስቀመጥኩ።

«አንተ ኤፍሬም ከሆንክ ኤሞስ የት ነው ያለው?»

«ቤቱ። አምስት ልጅ ወልዷል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ሽልንጉን የተቀበለው ግን እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ወረቀቱ ላይም የሰፈረው የሱ ስም ነው። አንተ ኤሞስ ካልሆንክ፣ ኤሞስ ለአሥራ ሦስት ዓመት ከጦሩ የኮበለለ ሰው ነው ማለት ነው። መጥተው ይይዙታል።»

ቦልድሪ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የዘበኛ ተራ ዝርዝር የሚያነብ መሰለ። ማንበብ ግን አይችልም ነበር።

«እንግዲያው ይቅር» አለ። «አልመጣሁም ይበሉ።»

ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። ለታምሲን አይሆንም አላት፤ ምክንያቱንም ነገራት። አንድ ሳምንት አላነጋገረችውም። ሸሚዙን ግን ለይታ ማጠቧን አልተወችም።

በሳምንቱ እሷ ራሷ ቢሮዬ ገባች። ታምሲን የሁላችንንም የውስጥ ልብስ ስለምታጥብ ማንንም አንቱ አትልም።

«ብዕርህን አንሳ» አለችኝ። «እኔ ልናገር፣ አንተ ጻፍ። እንዳታሳምረው።»

አላሳመርኩትም። ደብዳቤው እንዲህ የሚል ነበር፦ «ለኤሞስ ቦልድሪ። ወንድምህ አሥራ ሦስት ዓመት ስምህን ለብሶ ኖሯል። ስምህ በጥይት ቆስሏል፣ ሁለት የእግር ጣትም አጥቷል። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ አንድም ቀን ተቀጥቶ አያውቅም። አሁን ሊያገባኝ ፈልጎ በራሱ ስም ማግባት አልቻለም፤ ስሙን ከጠየቀ አንተን ያስሩሃል። እሱ ምንም አይልህም። እኔም ና አልልህም። ብቻ እወቀው ብዬ ነው። ታምሲን ዲላኒ።»

«ቦልድሪ ያውቃል?» አልኳት።

«ሲመጣ ያውቃል።»

«ካልመጣስ?»

«ካልመጣማ ምን ብሎ ያውቃል?» ብላ ወረቀቱን ወሰደች።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንድ ወፈር ያለ ሰው የእሑድ ልብሱን ለብሶ የጦር ሰፈሩ በር ላይ መጣ። የዕለቱ የዘብ አለቃ በንስ የሚባል ሃምሳ አለቃ ነው። ሰውየው ፊት ለፊቱ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ኤሞስ ቦልድሪ እባላለሁ። ከጦር የኮበለልኩ ነኝ። እጄን ልሰጥ መጣሁ።»

በንስ ደብተሩን ገለጠ። ጊዜ ወስዶ አነበበ። «ኤሞስ ቦልድሪ አልኮበለለም» አለ። «ወጥ ቤት ድንች እየላጠ ነው።»

«እሱ ወንድሜ ነው።»

«ወንድምህ ማን ይባላል?»

«ኤፍሬም።»

«ኤፍሬም የሚባል የለንም።»

«አውቃለሁ። የመጣሁትም ለሱ ነው።»

በንስ ሰውየውን ወደኛ ቢሮ ይዞት መጣ። ሻምበል ሄረን ገብቶ ነበር። የክፍለ ጦሩን መዛግብት የሚቆጣጠረው እሱ ነው፤ ደግ ሰው ነበር፣ ደብዳቤ መጻፍ ግን ይጠላል። ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ የቦልድሪን መዝገብ አስመጣኝና ገጽ በገጽ አገላበጠ።

«ስማኝ ወዳጄ» አለው። «አንተን ባስር፣ የኮበለለ አንድ ኤሞስ አለኝ፤ አሥራ ሦስት ዓመት ያገለገለ ሌላ ኤሞስ ደግሞ ወጥ ቤት አለኝ። ከሁለቱ አንዱ ሰው አይደለም። የትኛው እንዳልሆነ ለማወቅ ወደ ለንደን መጻፍ አለብኝ። ባለፈው ስለ ሁለት በቅሎ ጽፌ ነበር። መልሱ የመጣው በአሥራ ዘጠነኛው ወር ነው፤ የመጣውም ስለ አንዱ በቅሎ ብቻ ነው።»

«እኔ ለመታሰር ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁት፣ ጌታዬ» አለ ኤሞስ። «ሚስቴን ተሰናብቼ ነው።»

«አዝናለሁ። ሂድና ሚስትህን እንደገና ሰላም በላት።»

«የወንድሜስ ስም?»

ሻምበሉ መዝገቡን ዘጋው። «በዚህ መዝገብ ላይ ምንም ስህተት የለም። ቁጥሩ ልክ ነው። አንድ ሰው ገባ፣ አንድ ሰው አለ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ወጥ ቤት ወስደህ ሻይ አስጠጣው» አለኝ።

ይዤው ሄድኩ። ኤፍሬም በርሜል ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያየው ተነሳ፤ የያዘው ድንች ከእጁ አልወደቀም፣ መላጡን ብቻ አቆመ።

«ወፍረሃል» አለ ኤፍሬም።

«አንተ ከስተሃል።»

«እናታችን እንዴት ናት?»

ኤሞስ ባርኔጣውን አወለቀ። «ከሞተች ሰባት ዓመቷ። በሳንባ ነው።»

ኤፍሬም እንደገና በርሜሉ ላይ ተቀመጠ። ድንቹን ባልዲው ውስጥ አኖረው። «አልነገራችሁኝም» አለ።

«ላክንልህ እንጂ። የሰበካው ቄስ ነው የጻፈልን፤ ለወታደር ኤፍሬም ቦልድሪ ብሎ። እንዲህ የሚባል ሰው የለም ተብሎ ተመለሰ።»

«ኤሞስ ብትለው ይደርሰኝ ነበር።»

«ቄሱስ ኤሞስ ልበል ወይ ብሎኝ ነበር» አለ ኤሞስ። «ፖስታው ላይ የገዛ ስሜን ማስጻፍ አቃተኝ። አራት ጊዜ ሄጄ ከደጁ ተመለስኩ። አፈርኩ።»

እኔ ሻዩን እየቀዳሁ ነበር። ለማይታወቅ ሰው ደብዳቤ ሲመጣ ጀርባው ላይ «እንዲህ የሚባል የለም» ብሎ የሚመልሰው የክፍለ ጦሩ ጸሐፊ ነው። በ1849 መጨረሻ ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። ያንን ደብዳቤ አላስታውሰውም። በዓመት አርባ ያህል እመልሳለሁ።

ሁለቱ ወንድማማቾች እስከ ምሳ ድረስ አብረው ድንች ላጡ። ኤሞስ ወፍራም አድርጎ ሲልጥ፣ ኤፍሬም ከእጁ እየወሰደ አስተካከለለት። ታምሲን መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ኤሞስን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ኤሞስ ማለት ይኸ ነው?» አለች።

«ይኸው ነው» አላት ኤፍሬም።

«አላገባውም ማለቴ ትክክል ነበር።»

ኤሞስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ወዲያው ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠበትና ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ። ኤፍሬም እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ፤ እስኪያበቃ ጠበቀው።

በማግስቱ ስለ ደብዳቤው ለኤፍሬም ነገርኩት። የመለስኩት እኔ ነኝ አልኩት።

«መዝገቡን አይተው ነው የመለሱት?» አለኝ።

«አይቼ ነው።»

«መዝገቡ ላይ አልነበርኩም።»

«አልነበርክም።»

«ታዲያ ምን ያደርጋሉ?» አለና ወደ ድስቱ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አምስት ቀን ሾርባው ጨው በዛበት። ማንም ምንም አላለም፤ እኔም ጠጣሁት።

በዚያው ሳምንት የጋብቻ ፈቃድ ወረቀት አዘጋጀሁ። በጦራችን ደንብ ወታደር ያለ ኮሎኔሉ ፊርማ አያገባም፤ ከመቶው ስድስቱ ብቻ ናቸው የሚፈቀድላቸው፣ ወረቀቱንም የምጽፈው እኔ ነኝ። «ወታደር ቦልድሪ ታምሲን ዲላኒን እንዲያገባ ተፈቅዷል» ብዬ ጻፍኩና ቆምኩ። ኮሎኔሉ አነበበው።

«የራሱ ስም የት አለ?»

«በክፍለ ጦሩ ሌላ ቦልድሪ የለም፣ ጌታዬ።»

ሻምበል ሄረን አጠገቡ ቆሞ ነበር። «እውነቱን ነው» አለ። «አንድ ብቻ ነው ያለን። አጣርቻለሁ።»

ኮሎኔሉ ፈረመ። በሃያ ስድስት ዓመት ወታደርነቴ በድፍረት የሠራሁት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ የሠራሁትም ሳልጽፍ በመቅረት ነው።

ሠርጉ ከተማው ውስጥ ባለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ጦሩን አይመለከትም። ቄሱ የከተማው ሰው ስለሆነ ማንንም አያውቅም፤ ፈቃዱን አነበበና «ሙሉ ስምህን በል» አለው።

«ኤፍሬም ቦልድሪ።»

ከበሩ እስከ መቅደሱ የነበረ ሁሉ ሰማው። አንዲት በስተኋላ የተቀመጠች አሮጊት ዞር ብላ አየችን። ያ ሰው ያን ያህል ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። ታምሲን ስሙን ስትደግመው ቄሱ ሳይጠይቃት ሁለተኛ ደገመችው። ምስክር ሆነው የፈረሙት ኤሞስና እኔ ነን። ቄሱ የኤሞስን ስም ሲያይ፣ «ወንድም ነህ?» አለው።

«ታላቁ ነኝ» አለ ኤሞስ።

ኤፍሬም ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት አገለገለ። በጦር ሰፈሩ ውስጥ ስሙ ሲጠራ እንደ ድሮው «አቤት» ይላል፤ ቤቱ ሲገባ ታምሲን በሌላው ትጠራዋለች። በ1864 ሃያ አንድ ዓመት ሞላውና ተሰናበተ። የስንብት ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ጠባይ፦ እጅግ መልካም» ብዬ ነው የጻፍኩት። ከላይ ስሙ ኤሞስ ነው፤ ወረቀቱ ወደ ለንደን ስለሚሄድ ምንም ማድረግ አልቻልኩም።

እሱና ታምሲን ረግረጉ ዳር፣ ከኤሞስ ቤት ሁለት ማሳ ርቀው ጎጆ ሠሩ። በየሦስት ወሩ ለጡረታው ሲፈርም ኤሞስ ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ ኤፍሬም ሆኖ ይመለሳል። መጀመሪያ ላይ የመንደሩ ሰው ግራ ተጋብቶ ነበር፤ በኋላ ግን ነገሩን እንደ ዝናብ ለመደው። የኤሞስ የበኩር ልጅ ስሙ ኤፍሬም ነው። ይህን ያወቅሁት በ1870 በጋ ሄጄ አራት ቀን ስቀመጥ ነው፤ ማንም ቀድሞ አልነገረኝም፣ ኤፍሬም ራሱም አገሩ እስኪገባ አላወቀም ነበር።

በዚያን ጊዜ ወንድማማቾቹ ስለ አንድ የሸምበቆ ክምር እየተጣሉ ነበር። ኤሞስ ክምሩ ወደ ምሥራቅ መዞር አለበት ይላል፤ ኤፍሬም ዝም ብሎ ወደ ምዕራብ ያዞረዋል። ጠዋት ሲነሱ ኤሞስ መልሶ አዙሮት ያገኙታል። ታምሲን ሦስት ቀን አየቻቸውና በአራተኛው ቀን ክምሩን ለጎረቤት ሸጠችው።

ኤፍሬም በ1879 በመጋቢት ሞተ፤ ያች የክራይሚያ ትከሻው በመጨረሻ ሳንባውን አዳከመችው። ኤሞስ በስምንተኛው ወር ተከተለው። ታምሲን አለች። ከኤሞስ ሚስት ጋር አንድ ቤት ገብተው ዳክዬ ያረባሉ፤ ባለፈው የገና በዓል አንድ ዳክዬ ልካልኝ ነበር። ጠንካራ ነበር፣ ብዙ ሰዓት ፈጀ፣ ግን በሰለ።